የእትዬ ሲጢጥ ፔዳል

እግሮቿ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሄዱ ኖረዋል፤ ግን አንድ ስንዝር እንኳ ፈቀቅ ብለው አያውቁም። የከረሙት በልብስ ስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ ነው። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት ሲሉ የስንት ሙሽራ ቀሚስ፣ የስንት ተማሪ ዩኒፎርም፣ የስንት መጋረጃ ጠርዝ በእጇ አለፈ። ያ ሁሉ እርግጫ በመንገድ ላይ ቢዘረጋ ዓለምን ዞሮ፣ ደክሞት፣ መልሶ እሷው ደጃፍ ላይ አረፍ ይል ነበር።

ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ብስክሌት ላይ ስትወጣ እግሮቿ ምንም አልገረማቸውም። የገረማቸው ጎረቤቶቿ ናቸው።

ነገሩ የመጣው በማልያ በኩል ነው። የብስክሌት ክበቡ አለቃ፣ እንጀራው የስፖርት መምህርነት የሆነ ረጅም ቀጭን ሰው፣ ሃያ ሁለት ማልያ ሊያሰፋ መጣ።

"ኪሱን ከጀርባ አድርጊልኝ" አላት።

"ከጀርባ? ለሌባ እንዲመች ነው?"

"ሰው ጎንበስ ብሎ ሲነዳ የፊት ኪስ ይዘረገፋል። ካላመንሽ ውጪና ተቀምጠሽ እዪው።"

ወጣች፤ ተቀመጠች። አለቃው ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ሲሮጥ፣ መቼ እንደለቀቃት ሳታውቀው አሥር እርምጃ ያህል ብቻዋን ሄደች። ያቺ አሥር እርምጃ በቃቻት። ማልያዎቹን ሰፍታ ስታስረክብ ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ሃያ ሦስተኛው በራሷ ልክ የተቆረጠ ነው።

የክበቡ ሰዎችም ዝም አላሏትም። ከየቤታቸው አሰባስበው ያገለገለች ቀይ ብስክሌት ከነጫማዋ ሰጧት። ፔዳሎቿ ግን ተራ ፔዳሎች አልነበሩም፤ ጫማ የሚነክሱ ናቸው። ከጫማው ሶል ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን የፕላስቲክ ጥርስ አለ፤ ረገጥ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ከፔዳሉ ጋር ይቆለፋል። ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ነው። ማዞሩን የረሳ ሰው ቆሞ ይወድቃል። እሷ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ቆማ ወደቀች፤ አንዴም የትራፊክ ፖሊስ እግር ሥር ተዘርግታ፣ "ምን ላድርግልዎት እናቴ?" ሲላት፣ "ቀኝ ተረከዜን ወደ ውጭ አዙርልኝ" አለችው ይባላል።

ከዚያ ለመደች። ለምዳም አልቀረች፤ ፔዳሉ ድምፅ አወጣ። ግራው "ሲ" ይላል፤ ቀኙ "ጢጥ" ይላል። ሲ... ጢጥ። ሲ... ጢጥ። ክበቡ ስም ለማውጣት ጊዜ አልወሰደበትም፤ "እትዬ ሲጢጥ" ብሎ ሰየማት። እሷም አልከፋትም። ድሮ ትምህርት ቤት ሳለች የመዝሙር አስተማሪዋ፣ "አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፣ ድምፅ አታውጪ" ብለዋት ነበርና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንጎራጎር አልፋ አታውቅም። ቢያንስ ፔዳሏ ይዘምራል።

ድምፁን ከሁሉ አብልጦ የወደደው ግን ባሏ ነው።

ባሏ ሬዲዮ ሠሪ ነበር። ሰፈሩ "ጋሽ ሬዲዮ" ይለዋል። ዓይኑ ከስድስት ዓመት በፊት ማታ ማታ እንደሚርቅ ጣቢያ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀርቶታል። "ሥዕሉ ሄደ እንጂ ድምፁ አለ" ይላል እንደ ተበላሸ ቴሌቪዥን ራሱን እየቆጠረ። ከሱቅ በላይ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው መስኮት ሥር ወንበሩን ያስቀምጥና መንገዱን ያዳምጣል። የማን በር እንደተከፈተ፣ የማን ጫማ ተረከዙ እንዳለቀ ያውቃል። ቁጭ ብሎም ስንኝ ይቋጥራል። ለድስት ይቋጥራል፤ ለዝናብ ይቋጥራል፤ ለሚስቱ ደግሞ ሳያቋርጥ ይቋጥራል።

እሷ ከልምምድ ስትመለስ ገና ከመንገዱ ኩርባ "ሲ... ጢጥ" የሚለው ድምፅ ይደርሰዋል። ያኔ ክብሪቱን ይጭርና ምድጃውን ይለኩሳል። ብስክሌቷን በደረጃው ተሸክማ ስትገባ ሻዩ ሊፈላ ይንተከተካል፤ እሱም በዜማ ይቀበላታል፦

*ሲጢጥ ሲል ሰማሁት ከኩርባው ጫፍ ላይ፣*
*እሳቱን ለኮስኩት፣ ይፍላልሽ የኔ ሻይ።*

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን አለቃው ከልምምድ በኋላ ወደ ጎን ወሰድ አደረጋት።

"እትዬ፣ እንዳይከፋሽ።"

"ገና ምን አልክና!"

"እሑድ ወደ ግድቡ እንወጣለን። ዳገቱን ታውቂዋለሽ፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል። የሚጮህ ፔዳል ውስጡ ያለቀ ፔዳል ነው። ቁልቁለት ላይ ቢከዳሽ ምን ብዬ ለጋሽ ሬዲዮ እነግረዋለሁ? እሑድ ከመነሳታችን በፊት አዳምጠዋለሁ። ሲጢጥ ካለ..." አንገቱን አከከ። "መኪና ውስጥ ቦታ አለ።"

መኪናው! አምና አዲስ ናት ተብላ ውሃና ሙዝ ከሚጭነው መኪና ውስጥ ነው የሄደችው። መኪናው ደግሞ ዳገቱን አይወጣም፤ በታችኛው መንገድ ዞሮ ሌሎቹን ሲወርዱ ይቀበላል። ግድቡ ያለው ከላይ ነው። ከላይ ያልወጣ ውሃውን አያይም።

ውሃውን ማየት ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም። በተጋቡ በሳምንቱ በአውቶቡስ ወጥተው ከግድቡ ግንብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባሏ የዚያን ጠዋት የውሃ ቀለም ከሐሳቡ ሊያወጣው አልቻለም፤ ዓይኑ ከሄደ በኋላ ግን ቀለሙ ራሱ ደበዘዘበት። "ምን ነበር የሚመስለው? ምላሴ ላይ አለ፣ ዓይኔ ላይ የለም" ይላታል። አምና ስትሄድም አደራ ብሏት ነበር። ስትመለስ አቅፏት፣

"እሺ፣ ምን ቀለም ነው?"

"ሰማያዊ ነው" አለችው ፈጥና።

አንገቷ ሥር አሸተታት። "የሙዝ ካርቶን ላይ ቁጭ ብለሽ እንዴት ታየሽ?"

ያቺ ውሸት ዓመቱን ሙሉ ልብስ ውስጥ እንደ ተረሳ መርፌ ስትወጋት ኖራለች። ዘንድሮ ወጥታ፣ በዓይኗ አይታ፣ እውነተኛውን ቀለም ልታመጣለት ለራሷ ምላለች። እና አሁን ፔዳሉ!

ዓርብ ዕለት የቅዳሜ ልማዷን አንድ ቀን አስቀደመች። የስፌት መኪናዋን ዘይት፣ ያቺን ባለ ረጅም አፍንጫ ትንሽ ቆርቆሮ አንስታ በፔዳሎቹ አንገት ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረገች። ከፍ ዝቅ አድርጋ አዞረቻቸው። ሲ... ጢጥ። ጨመረች። ሲ...! ጢጥ...! ብሶባቸዋል። ቅዳሜ ምሳ እንደተበላ ተስፋ ቆርጣ መሃል ወለል ላይ ተቀመጠች።

"አንተ ሰውዬ፣ ነገ መኪና ውስጥ ነኝ መሰለኝ።"

ባሏ ከመስኮቱ ፊቱን መለሰ። ምክንያቱን ነገረችው። ብስክሌቷን ዳብሶ ፔዳሉን አንድ ጊዜ አዞረው፤ ሲ... ጢጥ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ያቺን የመሣሪያ ሳጥኔን አምጪያት። ስንት ሬዲዮ ያስነሳሁ ሰውዬ አንድ ፔዳል ያቅተኛል?"

በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ነጭ አቡጀዲ አነጠፈች። እሱ ከሳጥኑ ውስጥ በጣቱ እየዳበሰ አሥራ አምስት ቁጥር መፍቻ አወጣላት። ቀኙ ፔዳል አላስቸገረም፤ ሁለቴ ገፋ ስታደርገው እሺ አለ። ግራው ግን እንቢ አለ። ተንጠለጠለችበት። ቃተተች። መፍቻው ጥቂት ሄደ፤ ብረቱ ጥዝዝ አለ።

"ቁሚ፣ ቁሚ፣ ቁሚ!" አላት ባሏ። "ይሄ የሚፈታ ብሎን ድምፅ አይደለም። እያጠበቅሽው ነው።"

"እንዴት? ወደ ግራ እያዞርኩ!"

"የግራው ፔዳል የብሎን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው የተቆረጠው፤ ስትነጂ ራሱን በራሱ እንዳይፈታ። ግራና ቀኝ የሚባለውን እርሺው። መፍቻውን ከላይ አድርጊና ስሚኝ።" ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዜማ መጣበት፦

*ወደ ኋላ ጎማ ካዞርሽው ይፈታል፣*
*ወደ ፊት ካዞርሽው ጥርሱ ይበረታል።*

"ደግሞ ለፔዳልም ግጥም አለህ!" እያለች መፍቻውን ወደ ኋላ ጎማው አቅጣጫ ሳበች። ግጭጭ አለና ተረታ።

አሁን የፔዳሎቹን ሆድ መክፈት ቀረ። ባሏ ግራውን ፔዳል በመዳፉ ላይ አገላብጦ፣ ዘንጉ ወደ ሆዱ የሚገባበትን ቀለበት በጣቱ አግኝቶ፣ "እዚህ ጋ ቀስት አለ አይደል? ከቀስቱ ተቃራኒ አዙሪ" አላት። አዞረች። ዘንጉ ከነአንጀቱ ተስቦ ወጣ። ባሏ ዘንጉን በሁለት ጣቶቹ አሽከረከረው፤ ክርክርክር አለ፣ አሸዋ ያለበት ሽንብራ የሚያኝኩ ይመስል። ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። አሸተተው። እንደገና አሸተተው።

"እኔ የምልሽ፣ ይሄን ፔዳል ምንድን ነው የምትቀቢው?"

"ዘይት ነዋ።"

"የትኛውን ዘይት?"

"የመኪናዬን! ከሱ የተሻለ ንጹሕ ዘይት ከየት ይመጣል? ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንድም ሳምንት ሳላጓድል። ሠላሳ ዓመት መኪናዬን ያኖርኳት በሱ አይደል?"

ባሏ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ያለው መቀስ ሁሉ አብሮት ሳቀ።

"ምን ያስቅሃል? ንገረኝ እኔም ልሳቅ!"

"የኔ ዓለም" አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ "የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ነው፣ ሯጭ ነው። የዚህ ሆድ የሚፈልገው ወፍራም ግራሶ ነው፤ ገብቶ ቁጭ የሚል። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ያፈሰስሽው ዘይት ግራሶውን እየጠረገ ይዞት ወጣ። ብረት ብረትን ሲበላ ኖረ።"

"ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሳደርግ ነበር?"

"ስታጥቢው። ያውም በፍቅር!"

እሷም ሳቀች፤ ግን ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ዘንጉን መስኮቱ አጠገብ ወስዳ ስታየው፣ የብረት ቢሊያዎቹ የሚንከባለሉበት ቦታ ብል የበላው ሱፍ መስሎ ተበሳስቷል። የቀኙን ከፈቱት፤ እሱ ደህና ነው፤ ደርቋል እንጂ አልተጎዳም። ግራው ግን በግራሶም የሚድን አልነበረም።

"ሱቁ ሳይዘጋ ሩጪ" አላት ባሏ። "ጫማሽንም ያዢ፤ የሶሉ ጥርስም ሳያልቅ አይቀርም። ሳትፈቺው ግን ቦታውን ምልክት አድርጊበት።"

ይሄን እንኳ ሊነግራት አያስፈልግም ነበር። የስፌት ጠመኔዋን አንስታ በየሶሉ ላይ በጥርሱ ዙሪያ፣ ለቀሚስ ልክ እንደምታሰምር አሰመረች። አሮጌው ሲወጣ አዲሱ አንድ ፀጉር ያህል እንኳ ሳይዛነፍ ይቀመጥበታል።

የመለዋወጫ ሻጩ ከመስታወቱ መደርደሪያ ኋላ ተቀምጧል። የሱሪውን ወገብ ሦስት ጊዜ አስፍታለታለች።

"ብስክሌት ትሸጣለህ እንጂ አትነዳም" አለችው እንደገባች።

"እኔ ከነዳሁ ማን ይሸጥልሻል? አምጪው እስቲ።" ዘንጉን በመነጽሩ ሥር አስገብቶ አፏጨ። "እትዬ፣ ይሄን በጥርስሽ ነው የበላሽው?"

ከነዘይቱ ታሪኩን ነገረችው። ሻጩ ሆዱን ይዞ ከሳቀ በኋላ ከኋላ ካለው መሳቢያ አንድ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። "ይሄ የዚያ ወንድም ነው፤ ግን የተማረው ወንድሙ። ፔዳልሽ ያው ይሁን፣ ሆዱን ብቻ ቀይሪለት። ኩሽኔታው ከነቢሊያው የታሸገ ነው፤ ውሃ አይገባው፣ አቧራ አይገባው፣ የእትዬ ዘይትም አይገባው! ለጫማሽ ደግሞ እነዚህን ጥርሶች ውሰጂ፤ ተረከዝሽን ትንሽ ወዲህ ወዲያ ያላውሱልሻል። ጉልበትሽ ይመርቀኛል።" አንድ የግራሶ ቱቦም ጨመረላት።

ስትመለስ ባሏ ለቀኙ ፔዳል ሥራውን ጀምሮ ነበር። ቢሊያዎቹ ከዘንጉ ወጥተው፣ በነጭ ጋዝ ታጥበው አቡጀዲው ላይ ተበትነዋል፤ የምስር ፍሬ እንኳ አያክሉም። እሷ የመርፌ ማግኔቷን አምጥታ አንድ ጊዜ ስታሳልፈው ሁሉም ዘለው ተሰበሰቡ። መቁጠር ጀመረች። ለአንዱ ወገን አሥራ ሁለት። ለሌላው ወገን... አሥራ አንድ።

"አንድ ጎደለ።"

ወለሉን በእጇ ዳበሰች። በማግኔቱ የምንጣፉን ጠርዝ ጠረገች፤ ሁለት መርፌና አንድ የጠፋ መንጠቆ አገኘች። ቢሊያዋ ግን የለችም። ቀና ስትል ባሏ ቀኝ እጁን ጨብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል።

"እጅህ ውስጥ ምንድን ነው?"

መዳፉን ቀስ ብሎ ዘረጋ። ቢሊያዋ መሃሉ ላይ ታብለጨልጫለች።

"ለምን ያዝካት?"

"እንዲያው... ስንት ትመዝናለች ብዬ።"

"እኔ እዚህ በአራት እግሬ ስድህ አንተ ትመዝናለህ!" ብላ ቀማችው። ጨዋታው መስሏታል። በግራሶ በተሞላው ቀለበት ውስጥ ቢሊያዎቹን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ እንደ ዶቃ ሰካች። ባሏ መዝጊያዋን ብሎን በጣቱ ስሜት አጠበቀ፤ በጣም ከጠበቀ ይነክሳል፣ ከላላ ይንገዋለላል ይላል፤ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ልክ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው። በመጨረሻ ዘንጉን አሽከረከረው። ቅቤ ላይ እንደሚንሸራተት ጣት፣ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ። ግራውም በአዲሱ አንጀቱ ዞረ። የሁለቱንም የብሎን ጥርስ ግራሶ ቀብታ ወደ ፊት ጎማ እያዞረች አሰረቻቸው።

"አዳምጥ" አለችው፤ ፔዳሉን በእጇ እያሽከረከረች።

"ምንም አይሰማኝም" አለ ባሏ። ፈገግ ብሏል። እሷም ደስታዋ ሞልቶ ስለነበር ፈገግታው ከወትሮው አጠር ማለቱን አላየችም።

እሑድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሃያ ሁለት ማልያዎች ተሰብስበዋል። አለቃው እጁን አጣምሮ መሃል ቆመ።

"እትዬ፣ እስቲ ዙሪኝ።"

ዞረችው። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። አለቃው ጎንበስ አለ። ጆሮውን አስረዘመ።

"እግርሽ ግን እየተንቀሳቀሰ ነው?"

"ታዲያ ነፋስ ነው የሚገፋኝ?"

ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። አንዱ ከኋላ፣ "አሁን ማን ብለን ልንጠራት ነው?" ሲል፣ ሌላው፣ "ስም እንደ ፔዳል አይፈታም!" ብሎ መለሰለት። የሙዝ ካርቶኖቹ ዘንድሮ ያለ እሷ መኪና ላይ ወጡ።

ዳገቱ ዳገት ነው። ግን የሚነክስ ፔዳል ጸጋው ያኔ ይታወቃል፤ አንዱ እግር ሲጫን ሌላው ይስባል፤ የመኪናዋ መርገጫ ሠላሳ ዓመት ያስተማራት ይኸው ነው። ዝምታው ግን አዲስ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ትንፋሽ ሰማች። ጎማው አስፋልቱን ሲልስ ሰማች። ወፎች እንዳሉ እንኳ እስከዛሬ አላወቀችም ነበር። ሳታስበው ታንጎራጉራለች፤ የባሏን ስንኝ ነው፤ ወደ ፊት ካዞርሽው ጥርሱ ይበረታል...

የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሰማዩ ተከፈተ፤ ከሥሩም ውሃው።

ሰማያዊ አልነበረም። ብስክሌቷን ግንቡ ላይ አስደግፋ ቆመች። አረንጓዴ ነው ስትል ሐምራዊ ይሆናል፤ ሐምራዊ ነው ስትል የብር ጭረት ያልፍበታል። ሳቴን ጨርቅ ብርሃን ላይ ሲያገላብጡት እንዲህ ነው። ከዚያ አንዲት እርግብ ግንቡ ላይ ዐርፋ አንገቷን መለስ አደረገች፤ ልብስ ሰፊዋም ቀለሙን ከነስሙ አገኘችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ይሄን ይዤ ነው የምገባው" አለች። ደጋግማ አየችው፤ እንዳይፈስባት።

ስድስት ሰዓት እመለሳለሁ ብላው ነበር፤ ሰባት ሰዓት አለፈ። የአንዱ ጎማ ተንፍሶ ሁሉም ቆመው ጠብቀውታል። የመንገዱ ኩርባ ላይ ስትደርስ ልቧ ከፔዳሉ ይፈጥናል። እንደ ጥላ ተንሸራታ በሱቁ አጠገብ አለፈች፤ ከመስኮታቸው ሥር ደርሳ ቀና አለች።

ባሏ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ወጥቷል። በአንድ እጁ የክብሪት ቀፎ፣ በሌላው አንድ እንጨት ይዟል። ጆሮው ወደ ኩርባው ነው። አንድ መኪና ሲያልፍ ፊቱ ይበራል፤ ከዚያ ይጠፋል። የማንም ብስክሌት ደወል ሲያንቃጭል ይበራል፤ ይጠፋል። እሷ በቀጥታ ከሥሩ ቆማለች፤ ክብሪቱ ከእጁ ቢያመልጥ እሷ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ እሱ ግን አልሰማትም።

"መጣሁ" ልትለው ስትል ፊቱን አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የምታውቀው ከድምፁ በኋላ ያለውን ፊቱን ነበር፤ ሻይ ጥዶ፣ ስንኝ ቋጥሮ የሚስቀውን። ከድምፁ በፊት ያለውን ፊቱን አይታው አታውቅም። ትናንት እሷ ስለ ፔዳሉ ስትጨነቅ፣ እሱ ደግሞ ድምፁ ሲጠፋ ምን እንደሚያጣ ያውቅ ነበር። አውቆ መፍቻውን አቀበላት። አውቆ ቢሊያዋን መለሰላት። "ስንት ትመዝናለች ብዬ!" አሁን ገባት፤ ስንት እንደምትመዝን።

ያን ጊዜ ዝምተኛው ፔዳል ለመጀመሪያ ጊዜ ለተንኮል ጠቀማት። ብስክሌቷን አዞረች፤ ኮቴዋን ሳታሰማ ወደ ኩርባው ተመለሰች። እዚያ ቆማ ዙሪያዋን አየች። ሱቁ ደጃፍ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ከጎረቤት ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። የመዝሙር አስተማሪዋ ፊታቸው ድቅን አለባት። "አፍሽን ብቻ..." ይሏታል።

"አሁንስ ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ" አለችና ፔዳሉን ረግጣ፣ ድምፅዋን በሙሉ ለቀቀችው፦

*ሰማያዊ ያልኩህ ከሙዙ ጋር ሆኜ፣*
*እርግብ አንገት መስሏል፣ ዛሬ አየሁ በዓይኔ።*

ድምፅዋ ወጣ፤ ተሰነጠቀ፤ አንድ ቦታ ላይ ወደቀ፤ ተነሳ። የምታሰጣው ሴት ልብሱ ከእጇ አምልጦ መንገዱ ላይ ዐረፈ። ሰዎቹ ዞሩ። መስኮቱ ላይ ግን ክብሪት ተጫረ።

"እርግብ አንገት!" ብሎ ጮኸ ባሏ። "እርግብ አንገት! እሱ ነው! እሱ ነበር እኮ! ስንት ዓመት ፈለግኩት!" ክብሪቱ ጣቱን ሲያቃጥለው ጣለው፤ ሌላ ጫረ። ፊቱ ሁሉ ውሃውን የሚያይ ይመስላል።

ከመስኮቱ ሥር ደርሳ ቀጭ ብላ ከፔዳሉ ወጣች።

"ቢሊያዋን ልትደብቃት ነበር አይደል?" አለችው ሽቅብ እያየች።

"ለአንድ ትንፋሽ ያህል!" አላት። "እሱንም መልሼ ተናዘዝኩ እኮ፤ እጄን ዘረጋሁ አይደል? ቁልቁለቱ ትዝ አለኝ።"

"የኔ ቅመም።"

"ይልቅ ልንገርሽ" አለ፤ ድምፁ ተመልሶለታል። "ፔዳልሽ ድኗል፤ ጉሮሮሽ ግን ግራሶ ይፈልጋል።"

ሱቁ ደጃፍ ያሉት ሳቁ፤ እሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

"ደግሞም 'ሆኜ' እና 'ዓይኔ' በደንብ ቤት አይመቱም!"

"እንግዲህ የኔ ቤት እንዲህ ነው የሚመታው! ልግባ ወይስ አልግባ?"

"አትግቢ" አላት ወደ ምድጃው እየዞረ። "ሻዩን ገና አሁን ልጥደው ነው። ሂጂና ከኩርባው ጀምረሽ ድገሚው።"

እሷም የዓመቱን ዳገት ወጥታ ገና ሳታርፍ፣ "አቤት የዚህ ሰውዬ ነገር!" እያለች ብስክሌቷን አዞረች፤ ጫማዋን ቀጭ አድርጋ ቆለፈችና ወደ ኩርባው ተመለሰች።